ጥብቅ የባሕር ክልሎችን የማስተሳሰር ፋይዳ

መዶሻ ራስ ሻርክ በኢኳዶር ጋላፓጎስ ደሴቶችና በኮስታሪካ ኮኮስ ደሴት መካከል ያለውን 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት አቋርጦ ይጓዛል። በሁለቱም ደሴቶች ዙሪያ ዓሣ ማስገር በሕግ የተገደበ ቢሆንም፣ በመካከላቸው የሚገኘው ሰፊ ውኃ ለረጅም ዓመታት ለአስጋሪ መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆይቷል። በመነሻውና በመድረሻው ጥበቃ የሚደረግለት እንስሳ በመንገዱ ላይ ይያዝ ነበር። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ይህን ዝርያ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል መድቦታል።

ለብቻው የተከለለ ሥፍራ ዝርያዎችን ለመታደግ የማይበቃባቸው ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ሻርኮች፣ የባሕር ኤሊዎችና ዓሣ ነባሪዎች ለምግብና ለመራባት ረጅም ጉዞ ማድረጋቸው ነው። ሁለተኛው፣ የበርካታ ዓሦችና የኮራል እጮች በባሕር ውኃ ፍሰት ተወስደው ከተፈለፈሉበት ርቆ በሚገኝ ሥፍራ ማደጋቸው ነው። ክልሎቹ ሲተሳሰሩ በአንዱ የተመናመነው ዝርያ ከሌላው በሚመጡ እጮች ሊያገግም ይችላል። የውኃው ሙቀት ሲጨምርም እንስሳቱ ወደሚስማማቸው አካባቢ የሚሸጋገሩበት መንገድ ያገኛሉ።

ኮስታሪካ፣ ፓናማ፣ ኮሎምቢያና ኢኳዶር ይህን በመገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2004 የጋራ የባሕር ኮሪደር ለመመሥረት ተስማምተዋል። ኮስታሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የኮኮስ ደሴት ብሔራዊ ፓርክን ከ2 ሺህ ወደ 54 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋፍታለች። ኢኳዶር በበኩሏ በጥር 2022 «ኤርማንዳድ» ማለትም «ወንድማማችነት» የተሰኘውን 60 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ጥብቅ ክልል ወደ ኮስታሪካ የባሕር ወሰን አቅጣጫ ከልላለች። በግማሹ ክልል ማናቸውም የማስገር ሥራ የተከለከለ ሲሆን፣ በቀሪው ግማሽ የታገደው በረጅም ገመድ ላይ በርካታ መንጠቆዎችን በማንጠልጠል የሚከናወነው ማስገር ነው። አከፋፈሉ የእንስሳቱን መተላለፊያ ከአስጋሪዎች መተዳደሪያ ጋር ለማጣጣም የተደረገ ጥረት ነው።

ይሁን እንጂ ክልከላ ያለ ቁጥጥር ውጤት አያመጣም። እ.ኤ.አ. በ2017 በጋላፓጎስ ጥብቅ የባሕር ክልል ውስጥ የተያዘ አንድ የውጭ አገር መርከብ ከ6 ሺህ በላይ ሻርኮችን ጭኖ ተገኝቷል። ከአገሮች የባሕር ወሰን ውጭ ባለው ውቅያኖስ ደግሞ ጥብቅ ክልል ለማቋቋም የሚያስችል ዓለም አቀፍ ስምምነት የጸደቀው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የጸደቀው የኩንሚንግ–ሞንትሪያል የብዝኃ ሕይወት ማዕቀፍ እስከ 2030 ድረስ ቢያንስ 30 በመቶ የሚሆነው የየብስ፣ የአገር ውስጥ ውኃና የባሕር አካል በተሳሰረ ሥርዓት እንዲጠበቅ ግብ አስቀምጧል። ግቡ ሐይቆችንና ወንዞችን የሚያካትት በመሆኑ የባሕር በር የሌላትን ኢትዮጵያንም ይመለከታል። በጣና ሐይቅ የሚኖሩ በርካታ የላቢዮባርበስ ዓሣ ዝርያዎች በክረምት ወራት እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ወጥተው ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። በዚህ ወቅት በወንዞቹ መግቢያ ላይ መረብ ከተዘረጋ፣ ሐይቁ ራሱ ቢጠበቅ እንኳ ለመራባት የሚጓዙት ዓሦች ከመራባታቸው በፊት ያልቃሉ። ስለሆነም በመራቢያ ወቅት የወንዝ መግቢያዎችን ከመረብ ነጻ ማድረግ ለአስጋሪው የነገ ምርት ዋስትና ነው።