ከመጋረጃ በስተኋላ ስላሉት መዘምራን

ኦፔራ ማለት ታሪኩ በንግግር ፈንታ በዜማ የሚነገር ትያትር ነው። የዌልስ ብሔራዊ የኦፔራ ማኅበር በካርዲፍ ከተማ በ1943 ዓ.ም. እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ተመሠረተ፤ በ1946ም መጀመሪያ በመድረክ ታየ። የዚያን ጊዜ መዘምራን ደመወዝተኞች አልነበሩም፤ ቀን በማዕድን ጕድጓድ፣ በሱቅና በትምህርት ቤት ሲሠሩ ውለው ማታ ለልምምድ የሚሰበሰቡ ነበሩ እንጂ። ብዙዎቹንም መዝሙር ያስተማራቸው ጸሎት ቤት ነው።

በ2022 ከእንግሊዝ የሥነ ጥበብ ምክር ቤት የሚመጣው ድጎማ ሢሶ ያህሉ እንዲቀነስ ተወሰነ። ከዚህም የተነሣ የመዘምራኑ የሥራ ጊዜና ደመወዝ እንዲያንስ ታሰበ። በ2024 የትርኢቱ ወራት በ«ሪጎሌቶ» ሲከፈት፣ መዘምራኑ ማኅበሩን አድኑ የሚል ቃል የተጻፈበት ሸሚዝ ለብሰው በሕዝቡ ፊት ቆሙ።

«ገንዘብ ካነሰ ከመዘምራኑ ይቀነስ፤ ስመ ጥሩው ዘፋኝ ይበቃል» የሚሉ ሰዎች አሉ። የገንዘቡ ማነስ እውነት ነው፤ ፍርዱ ግን ስሕተት ነው። አንድ ዘፋኝ ከሩቅ አገር በደብዳቤ ተጠርቶ ይመጣል። አርባ ሰው በአንድ እስትንፋስ እንዲዘምር ግን ደብዳቤ አይበቃም፤ አብሮ የኖረበት ዘመን ያስፈልገዋል። ተመልካቹ ሦስት ሰዓት ያያል፤ በመድረኩ ጓዳ የባዕድ ቋንቋ ቃል በቃል የሚያጠናውን፣ ልብስ የሚሰፋውን፣ ሌሊት ዕቃ ጭኖ ወደ ሌላ ከተማ የሚጓዘውን አያይም።

ቅዱስ ጳውሎስ የተሰወረውን ብልት እንድናከብር አስተምሯል። እንግዲህ የሚቀነስ ካለ አስቀድሞ ከጌጡ ይቀነስ፤ መሠረቱን ሸጦ ጣራውን የሚያስጌጥ ሰው ቤት አይኖረውምና።