ድምፅ የዜጋ ነው፤ የዜግነት በር ግን አይቆለፍ

ወገን! ምርጫ በመጣ ቁጥር በየሻይ ቤቱ የምትነሳ አንዲት ጥያቄ አለች። እስኪ ዛሬ ሳንሸሻት እናውራባት።

«ሃያ ዓመት እዚህ የኖረ፣ ሱቅ ከፍቶ ግብር የሚከፍል፣ ልጆቹን እዚሁ ያስተማረ ሰው ዜግነት ስለሌለው ብቻ ለምን አይመርጥም?»

ጥያቄዋ የዋዛ አይደለችም። ይህን የጠየቀ ሁሉም አገር ሻጭ አይደለም። በተለይ እኛ ጋ፣ ከኤረር እስከ ጅግጅጋ፣ ከጅግጅጋ እስከ ወጃሌ፣ እንዲህ ያለ ጎረቤት የሌለው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ስድብ ሳይሆን መልስ ይገባታል።

የኛ መልስ ሁለት እግር አለው። አንደኛ፣ ድምፅ የዜጋ ነው፤ ከዜግነት ተነጥሎ የሚታደል ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ ይህን ካልን ደግሞ እዚህ ሥር ለሰደደው ሰው የዜግነት በር የምር መከፈት አለበት፤ ዜጋ የሆነውም በስሙና በቋንቋው አይጠርጠር። አንዱን ይዞ ሌላውን የጣለ ሰው በአንድ እግሩ ነው የቆመው።

ሕጉ ምን ይላል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥን መብት የሰጠው ለኢትዮጵያዊ ዜጋ ነው። የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011ም ለመራጭነት ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ኢትዮጵያዊ መሆን፣ 18 ዓመት የሞላው መሆን፣ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር። ልብ በሉ፣ ነዋሪነትም አለበት። ግን ብቻውን አይበቃም።

ቢጫ ካርድስ? አዋጅ ቁጥር 270/1994 የሌላ አገር ዜግነት ለያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ብዙ በር ከፍቷል። ያለ ቪዛ ይገባሉ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራሉ፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ገንዘባቸውን ያፈሳሉ። መምረጥና መመረጥን ግን በየትኛውም የመንግሥት እርከን ከልክሏቸዋል። በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይም በቋሚነት አይቀጠሩም። ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ተመልሰው ጅግጅጋ ላይ ሥራ የጀመሩ ወንድምና እህቶች አሉን። ፎቅ እንዲሠሩ ተፈቅዶላቸው ምክር ቤት መምረጥ አለመቻላቸው ቢያማቸው አይገርምም። ሕመሙ ይገባናል። መድኃኒቱ ላይ ግን አንስማማም።

«ሌላው ዓለም ይፈቅዳል እኮ!»

አዎ፣ የሚፈቅድ አለ። ኒውዚላንድ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቋሚ ነዋሪዎችን በአገር አቀፍ ምርጫ ታስመርጣለች። አፍሪካ ውስጥ ማላዊ ሰባት ዓመት ለኖረባት ሰው ትፈቅዳለች። ኡራጓይ 15 ዓመት ትጠይቃለች። ስዊድን ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ ዜጎችን በአካባቢ ምርጫ ብቻ ታሳትፋለች፤ ፓርላማዋን የሚመርጡት ዜጎቿ ናቸው። ኒውዮርክ ከተማ ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ፣ በ2025 እ.ኤ.አ. የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው፦ እያንዳንዱ አገር የሰፋው በራሱ ልክ ነው። የኒውዚላንድ ድንበር ባሕር ነው። የኛ ድንበር ግን በ1889 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገ ውል በግጦሽ ሜዳ መሐል ያለፈ መስመር ነው። ውሉ ራሱ አርብቶ አደሩ ለሣርና ለውኃ ከወዲያ ወዲህ እንዲሻገር ፈቅዶ ነበር። ወንድሙ ቦሮማ፣ አክስቱ ጅቡቲ፣ እሱ ኤረር የሆነ ቤተሰብ እዚህ ብርቅ አይደለም። እንዲህ ባለ ቦታ «የኖረ ሁሉ ይምረጥ» ማለት የምርጫ መዝገቡን ጫፍ የሌለው ማድረግ ነው።

የሲቲ ሽማግሌዎች ይህን ከኛ ቀድመው አውቀውታል። ሄር ኢሴ የሚባለው የኢሳ ባህላዊ ሕግ በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ያሉትን ያስተሳስራል፤ በ2017 ዓ.ም. ዩኔስኮም በቅርስነት መዝግቦታል። በሄር ጉዳይ ሁሉም ወንድማማች ነው፤ አብሮ ይዳኛል። ጅቡቲያዊው ግን ድምፁን ጅቡቲ ይሰጣል፣ የኤረሩ ኤረር። ወንድምነቱ በዚህ አልቀነሰም።

ለምን እንቃወማለን?

አንድ። ድምፅ መስጠት ውጤቱን አብሮ መሸከም ነው። የመረጥከው መንግሥት አገር ቢያበላሽ፣ ሌላ ፓስፖርት ያለው ሰው ሻንጣውን ያዘጋጃል። አንተና እናትህ ግን እዚሁ ናችሁ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የተባለው ለዚህ ነው።

ሁለት። ነዋሪነት ብቸኛ መለኪያ ከሆነ የሚጎዳው የራሳችን ሰው ነው። አርብቶ አደሩ ዝናብ ተከትሎ ይሄዳል። የስድስት ወር ነዋሪነት አሁንም ይፈትነዋል። እሱን በመዝገቡ ላይ የሚያቆየው ዜግነቱ ነው። ድምፅ የቤት ቁጥር ጉዳይ ከሆነ ግን ከተማ መሐል ሱቅ የተከራየው የውጭ ሰው «ነዋሪ» ይሆንና፣ ቅድመ አያቱ እዚህ የተቀበረው የግመል ባለቤት «ተንቀሳቃሽ» ተብሎ ይቀራል።

ሦስት። ገንዘብ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ዜጎች ቤትና ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲይዙ የሚያስችል አዋጅ አጽድቋል። ኢንቨስትመንት ይምጣ፣ ችግር የለብንም። ግን መኖር ድምፅ ያስገኛል ካልን፣ ነገ ቤት መግዛት ድምፅ መግዛት ሊሆን ነው።

አራት፣ ከሁሉም የሚከብደው። የራሳችንን ታሪክ እናንብብ።

በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ኤርትራ በሪፈረንደም ነጻነቷን ስታውጅ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ ኤርትራዊ ተወላጆችም እዚሁ በተዘጋጁ ጣቢያዎች ድምፅ ሰጡ። ዜግነታቸው ምን እንደሚሆን ግን በግልጽ አልተቋጨም። ብዙዎቹ የኢትዮጵያ መታወቂያና ፓስፖርት ይዘው ሥራቸውን ቀጠሉ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ያ ድምፅ ማስረጃ ሆነ፦ «መርጠሃል፣ ስለዚህ የዚያ አገር ሰው ነህ» ተባሉ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እንደገመተው 75 ሺህ ያህል ሰው ተባረረ። ቤተሰብ ለሁለት ተከፈለ፣ ዕድሜ ልክ የተለፋበት ንብረት ተበተነ። በ1997 ዓ.ም. የኤርትራና የኢትዮጵያ የካሳ ኮሚሽን ጉዳዩን አይቶ፣ ከተወሰደው እርምጃ ከፊሉ ሕጋዊ፣ ከፊሉ ደግሞ በዘፈቀደ የተፈጸመና ሕገወጥ ነበር ብሏል።

አያችሁ? ዜግነቱ ሳይቋጨ የተሰጠ ድምፅ ለሰጪው ስጦታ አልሆነለትም። ቀን ሲከፋ የሚመዘዝ ወረቀት ነው የሆነበት። ዛሬ ለቋሚ ነዋሪ ድምፅ እንስጥ የሚለው ሰው በጎ አስቦ ይሆናል። ግን ግማሽ አባልነት ሰላም ሳለ ደስ ይላል፤ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጣለው ግማሹ ሰው ነው። ለጎረቤትህ የምታስብ ከሆነ ሙሉውን ስጠው።

ሙሉው ምንድን ነው?

የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996ን ያነበባችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ሕጉ የሚወራበትን ያህል የተዘጋ አይደለም። አካለ መጠን የደረሰ፣ ኢትዮጵያን መኖሪያው አድርጎ በጠቅላላው ቢያንስ አራት ዓመት የኖረ፣ ራሱንና ቤተሰቡን የሚያስተዳድርበት ሕጋዊ ገቢ ያለው፣ መልካም ሥነ ምግባር ያለውና ወንጀል የሌለበት፣ የቀድሞ ዜግነቱን የሚለቅ ወይም አገር አልባ የሆነ የውጭ ሰው ለታማኝነት ምሎ ኢትዮጵያዊ መሆን ይችላል። ቋንቋስ? ከኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ቋንቋ በአንዱ መግባባት ይበቃዋል። አማርኛ የግድ አይልም፤ ሶማሊኛም የኢትዮጵያ ቋንቋ ነው!

ለቢጫ ካርድ ባለቤቱም መንገድ አለው። መኖሪያውን ወደ አገሩ መልሶ፣ የውጭ ዜግነቱን ትቶ፣ ኢትዮጵያዊነቱ እንዲመለስለት ማመልከት ይችላል። ከባድ ምርጫ ነው፣ እናውቃለን። ድምፅ ክብር የሚኖረው ግን እንዲህ ያለ ምርጫ ከኋላው ሲኖር ነው።

ስደተኞችስ? በቀብሪበያህ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ የተጠለሉ አሉ። እዚያው ተወልደው ዛሬ ራሳቸው ወላጅ የሆኑ አሉ። እነሱን ለአንድ ቀን ምርጫ ጭኖ ማምጣትም፣ ለዘላለም በድንኳን ማቆየትም ነውር ነው። መስፈርቱን ላሟላ ሰው ጥያቄው በወጉ ይታይለት። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው። እናቱ ኢትዮጵያዊት ከሆነች በቂ ነው፤ ማንንም አይለምንም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት የዜግነት ማመልከቻን እዚሁ ክልሉ ውስጥ፣ በሶማሊኛም ጭምር፣ በተወሰነ የጊዜ ገደብ ያስተናግድ። ለተከለከለ ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው። በር ካለ ማንኳኳቱ መሰማት አለበት።

አሁን ወደ ራሳችን

ይህን ጽሑፍ አንብቦ ሄዶ የሶማሊ ተወላጅ ወገኑን «አንተ ከየት ነህ?» የሚል ሰው ካለ አልገባውም ማለት ነው። ድምፅ የዜጋ ነው ስንል ማንንም መምቻ ዱላ እየቆረጥን አይደለም። በሶማሊ ክልል የሚኖረው ሕዝብ ዜግነቱን በማንም ችሮታ አላገኘም። አንድን የጅግጅጋ ልጅ አዲስ አበባ ላይ ከሌላው የበለጠ ወረቀት የምትጠይቀው ከሆነ፣ ዜግነትን አላከበርክም፤ አዋረድከው።

መዝገቡ ላይም እንንቃ። የ2013ቱ ምርጫ እዚህ ክልል ወደ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. መዛወሩ ይታወሳል። ከዚያ በፊት በመራጮች ምዝገባ ላይ ቅሬታ ቀርቦ ቦርዱ በአንዳንድ የክልሉ የምርጫ ክልሎች ምዝገባውን አግዶ ማጣራት ነበረበት። መዝገብ ሲቆሽሽ ከውጭ ዜጋ በፊት የሚጎዳው ስሙ የጠፋው ዜጋ ነው።

ሌላም ግራ መጋባት አለ። ፋይዳ የያዘ ሁሉ ዜጋ አይደለም! በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ፋይዳ የሚሰጠው ለነዋሪ ነው፤ የውጭ ዜጋም ያወጣዋል። ማንነትን ያረጋግጣል፣ ዜግነትን አያረጋግጥም። ይህን ለመዝጋቢውም ለጎረቤታችሁም ንገሩ።

እና ምን እናድርግ? ምዝገባ ሲከፈት ስማችሁን ሄዳችሁ እዩ። ማንበብ የማይችሉትን አባትና እናት ይዛችሁ ሂዱ። ከገጠር የመጣውን አርብቶ አደር አግዙት። ያለአግባብ የገባ ስም ካያችሁ በመንገድ ላይ ጠብ ሳይሆን በሕጉ መሠረት አቤቱታ አቅርቡ። ዜግነት የሚገባው ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ማመልከቻውን አብራችሁት ጻፉ።

ወላል፣ ወንድሜ፣ እህቴ! አገር መውደድ በር መቆለፍ ብቻ ከሆነ ቀላል ነበር። የኛ ሥራ ከባዱ ነው፦ ቁልፉን መጠበቅ፣ ሲገባም መክፈት።

አንብበው ለሚከራከሩ ጓደኞቻችሁ አጋሩት። የማትስማሙ ካላችሁም በጨዋነት ጻፉልን።