ጎርፉን የሚለካ ልጅ



በየዓመቱ ልጆቻችን ለችግኝ ተከላ ይጠራሉ፤ ዶማና አካፋ ይዘው ይወጣሉ፤ ተክለውም ይመለሳሉ። ሥራው መልካም ነው። ነገር ግን ክረምቱ ሲያልፍ «ከተከልከው ስንቱ ጸደቀ? የደረቀውስ ለምን ደረቀ?» ብሎ የሚጠይቃቸው እምብዛም አናይም። ለአንድ ቀን ጉልበታቸው ተፈለገ እንጂ አእምሯቸው አልተፈለገም።

እስቲ ወደ ደምበጫ እንሂድ። ከከተማዋ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አንጀኒ ትገኛለች። በዚያ በ1976 ዓ.ም. የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ በጋራ ባካሄዱት የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም የመለኪያ ጣቢያ ተቋቋመ። 113 ሄክታር ያህል በሚሆነው የምንጨት ተፋሰስ ዝናቡና የወንዙ ከፍታ ይመዘገብ ጀመር፤ ውኃው ሲደፈርስም በጠርሙስ እየተቀዳ ደለሉ ይለካ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ «ፋንያ ጁ» የተሰኘው እርከን ተሠራ። ስያሜው ስዋሂሊ ሲሆን አፈሩ ከቦዩ ወጥቶ ወደ ሽቅብ መጣሉን ያመለክታል። ጎርፉ አፈሩን ከእርከኑ በላይ እየተወ ሲያልፍ ተዳፋቱ ከዓመታት በኋላ ደረጃ ይሠራል።

ከዚህ ልጆቻችን ሁለት ነገር ይማራሉ።

አንደኛው መለካት ነው። አፉና ታቹ እኩል የሆነ ጣሳ ደጅ ላይ አስቀምጦ የዘነበውን በማስመሪያ መለካትና በደብተር መመዝገብ ለተማሪ አይከብድም። እርከን ካለውና ከሌለው ማሳ የሚወርደውን ውኃ በሁለት ጠርሙስ ቀድቶ ቢያሳድር፣ ጠዋት ከሥር የረጋው ደለል ልዩነቱን ያሳየዋል። ወላጆች ግን ልጆቻቸው ወደ ሞላ ወንዝና ወደሚናድ ቦረቦር እንዳይጠጉ አደራ!

ሁለተኛው ማዳመጥ ነው። ዝናብ በሚበዛበት እንዲህ ባለው አካባቢ እርከን ከማሳው ቦታ ይወስዳል፤ አንዳንዴም ከበላዩ ውኃ ያቁራል። ገበሬው እርከኑን ሲጠላ ስንፍና ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ተማሪው ከማስተማሩ በፊት ይጠይቅ፤ የአባቱን ምክንያትም ከቁጥሩ ጎን ይጻፍ።

የተመዘገበው በደብተር ውስጥ መቅረት የለበትም። በሽማግሌዎች፣ በእድር አባላትና በልማት ጣቢያ ሠራተኛው ፊት ይነበብ። የትኛው ቦረቦር አስቀድሞ እንደሚዘጋ፣ የትኛው ማሳ የውኃ መውረጃ እንደሚያሻው አብረው ይምከሩ፤ ከዚያ በደቦ ይውጡ። ጎርፍ የሙስሊሙን ማሳ ከክርስቲያኑ ለይቶ አይወስድም፤ ሥራውም የጎረቤታሞች ሁሉ ነው።

በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸውን እናውቃለን። ክበብ የሚያደራጅ መምህር በሌለበት የሚችለው ቤተሰብ ነው። ሰላም ባለበት ደጅ አንድ ጣሳና አንድ ደብተር ይበቃሉ። ከትምህርት ገበታው የራቀ ልጅ በዚህ ሒሳቡንም ጽሕፈቱንም አይረሳም።

ወላጆች ሆይ! መሬቱን ነገ የሚረከቡት እነርሱ ናቸውና ዛሬ በምክሩ እናስገባቸው። አላህ ያግዘን።