በከበሮ የሚከፈት ገበያ

የጥንቷን የቻይና ዋና ከተማ ቻንግአንን ብዙዎች በሥርዓቷ ያደንቋታል። እኔ በነጋዴ ዓይን ሳያት ግን ግማሹን አመሰግናለሁ፣ ግማሹን እነቅፋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ582 ዩዌን ካይ የተባለው ባለሥልጣን ሲነድፋት ቤተ መንግሥቱን በሰሜን አደረገ። የቀረውን በቀጥታ መንገዶች ከፋፍሎ ከ100 በላይ ሰፈሮች አወጣ፤ ሁሉም በግንብ የታጠሩ ናቸው። ዋናው ጎዳና ወደ 150 ሜትር ይሰፋ ነበር። ንግዱ በዋናነት ለምሥራቅና ለምዕራብ ገበያ ተተወ፤ በምዕራቡ የፋርስና የሶግድ ነጋዴዎች ይሸጡ ነበር።

በታንግ ዘመን ደንብ ገበያው እኩለ ቀን ላይ በ300 የከበሮ ምት ይከፈታል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘጋል። ሲመሽ የሰፈሮቹ በሮች ይቆለፋሉ።

ገበያው ሚዛንና መስፈሪያ የሚቆጣጠር ሹም ነበረው። ይህን እኔም እፈልገዋለሁ፤ ሐቀኛ ነጋዴን ከአጭበርባሪ ያድነዋል። ሰዓቱ ግን ሌላ ነው፤ ገዢ በከበሮ አይመጣም። በኋላ በሶንግ ዘመን በካይፌንግ ሱቆች ወደ ጎዳና ወጡ፣ የሌሊት ገበያም ተከፈተ። ከተማዋ አልፈረሰችም፤ እንዲያውም ደመቀች።

ሚዛኑ ይጠበቅ፤ ሰዓቱ ግን ነጋዴው ሳይጠየቅ አይወሰን። ኬላ ተዘግቶበት ከነጭነቱ ያደረ ሰው ይህን አይስተውም።