ሽልማቱ ከመድረክ፣ ወንበሯ ከጥግ

የዩኒቨርሲቲያችን የፊልም ክበብ በቅርቡ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለውን በ1939 የተሠራ የሆሊውድ ፊልም አሳይቶን ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ ለብዙዎቻችን አዲስ አይደለም። ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሳሉ በሲጋራ ወረቀት ላይ ተርጉመው በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ስም ያሳተሙትን መጽሐፍ ያላነበበ ቢኖር እንኳ ወሬውን ሰምቷል። አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ነበር። ማሚ የተባለችው ጥቁር ሞግዚት ብቅ ባለች ቍጥር ሳቁ ጣሪያውን ይነካ ነበር። እኛም ስቀናል። ይህን የምንጽፈው በሌሎች ላይ ጣት ለመቀሰር እንዳልሆነ አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅልን እንወዳለን።

ከትዕይንቱ በኋላ በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሣ። ከጓደኞቻችን አንዱ፥ «ይህች ሴት ወገኖቿን ለነጮች መሳቂያ አድርጋ ሸጠቻቸው» አለ። ሌላው ተቈጥቶ፥ «ኦስካር የተሸለመች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው እርሷ አይደለችምን? በዚያ ዘመን ከዚህ በላይ ምን ታድርግ?» ሲል መለሰለት። በእኛ አስተያየት ሁለቱም የእውነቱን ግማሽ ግማሽ ይዘዋል። ሙሉውን ለመያዝ ግን የሴትዮዋን አነሣሥ ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል።

ሃቲ ማክዳንኤል የተወለደችው በካንሳስ ግዛት በዊቺታ ከተማ ነው። አባቷም እናቷም በባርነት የተወለዱ ነበሩ፤ አባቷ በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ለሰሜኑ ወገን ተሰልፎ ተዋግቷል። ያደገችው በኮሎራዶ ሲሆን ገና በወጣትነቷ ከቤተ ሰቧ ጋር ከከተማ ከተማ እየዞረች ትዘፍንና ትተውን ነበር። በ1929 የአክሲዮን ገበያ ወድቆ ሥራ ሲጠፋ፣ በሚልዋኪ ከተማ በአንድ የምሽት ክበብ ያገኘችው ሥራ መታጠቢያ ቤት መጠበቅ ሆነ። ድምፅዋ ታውቆ ወደ መድረክ እስክትወጣ ድረስ በዚያው ቈየች። በ1931 ሎስ አንጀለስ ገብታ በሬዲዮ መዝፈን ጀመረች፤ ይሁን እንጂ የሬዲዮው ደመወዝ ስለማያኖራት በሰው ቤት ገረድነት ትሠራ ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፦ በፊልም ገረድ ከመምሰሏ በፊት በእውነት ገረድ ነበረች።

ሲኒማውም የሰጣት ሥራ ያንኑ ነው። ገረድ፣ ወጥ ሠሪ፣ ሞግዚት። በብዙዎቹ ፊልሞች ስሟ እንኳ አይጻፍም ነበር። በ1934 ጆን ፎርድ ባዘጋጀው «ጀጅ ፕሪስት»፣ በ1935 ከካትሪን ሄፕበርን ጋር በ«አሊስ አዳምስ»፣ በ1936 ደግሞ ከፖል ሮብሰን ጋር በ«ሾው ቦት» ታየች። «አሊስ አዳምስ»ን ያየ ሰው፣ ጌቶቿ ከአቅማቸው በላይ ሊታዩ የደገሱትን ራት ያቺ ገረድ በዝግታዋና በፊቷ አኳኋን ብቻ እንዴት እንዳፈረሰችባቸው አይረሳም። ከተሰጣት ጠባብ ቦታ ውስጥ ትልቅ ሥራ ማውጣት ችላለች። ተሰጥዎ ማለት ይህ ነው።

ከዚያ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» መጣ። ፊልሙ በታኅሣሥ 1939 በአትላንታ ከተማ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ሲመረቅ፣ በጆርጂያ ግዛት ነጭና ጥቁር አብረው እንዳይቀመጡ ሕግ ይከለክል ስለ ነበር እርሷ አልተገኘችም። የካቲት 29 ቀን 1940 በሎስ አንጀለስ አምባሳደር ሆቴል የኦስካር ሽልማት ተሰጠ። ለረዳት ተዋናይት በተመደበው ሽልማት ከተወዳደሩት አንዷ በዚያው ፊልም የሠራችው ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ ነበረች፤ ያሸነፈችው ግን ሃቲ ናት። ሆቴሉ ጥቁር እንግዳ አይቀበልም ነበርና የፊልሙ ባለቤት ዴቪድ ሴልዝኒክ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። የተቀመጠችውም ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ሳይሆን ከግድግዳው ሥር በተለየ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከዚያ ተነሥታ ሽልማቷን ተቀበለች፤ ወደዚያው ተመልሳ ተቀመጠች።

በጊዜው የጥቁር አሜሪካውያንን መብት ለማስከበር የቆመው የኤን ኤ ኤ ሲ ፒ ማኅበር ዋና ጸሐፊ ዋልተር ኋይት እንዲህ ያለውን የገረድ ሚና አጥብቆ ይነቅፍ ነበር። እርሷም ገረድ ሆኖ በጥቂት ዶላር ከመኖር ገረድ መስሎ በብዙ መኖር ይሻላል የሚል መልስ ትሰጥ እንደ ነበር ይነገራል። ኋይት ስለ ሚናው የተናገረው እውነት ነው። ያ ፊልም ባርነትን የደግ ጌቶችና የታማኝ አሽከሮች ዘመን አስመስሎ ያሳያል፤ የማሚ ፈገግታ ለዚያ ውሸት ማጣፈጫ ሆኗል። ይህን ክደን ሴትዮዋን ልናሞግስ አንችልም። ነገር ግን ጥያቄው «ለምን በጠባቡ በር ገባች?» ብቻ ከሆነ፣ በሩን ያጠበበው ሰው ከክርክሩ ያመልጣል። ድርሰቱን የጻፈ፣ ገንዘቡን ያወጣ፣ ጥቁር ሴት ከገረድነት ሌላ ምንም ልትሆን አትችልም ብሎ የወሰነ ሌላ ነው። ኋይትም ይህን ዐውቆ በ1942 ወደ ሆሊውድ ሄዶ የፊልም ኩባንያዎቹን አለቆች ራሳቸውን አነጋግሯል። ጓደኛችን ግን የተናገረው በተዋናይቱ ላይ ብቻ ነበር።

ደግሞም ሴትዮዋ በሁሉም ነገር አንገቷን ደፍታ አልኖረችም። በፊልም ባገኘችው ገንዘብ ሹገር ሂል በሚባለው የሎስ አንጀለስ ሰፈር ቤት ገዛች። ነጮች ጎረቤቶች፣ በሰፈሩ ጥቁር እንዳይኖር የተፈረመ ውል አለ ብለው እርሷንና ሌሎችን ጥቁር ባለቤቶች ከሰሱ። እርሷ ግን አልወጣችም። ከሌሎቹ ጋር ተባብራ ጠበቃ አቁማ ተከራከረች። በ1945 ዳኛው የሕገ መንግሥቱን አሥራ አራተኛ ማሻሻያ ጠቅሶ ክሱን ጣለው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያሉ ውሎችን ፍርድ ቤት ሊያስፈጽማቸው አይገባም ብሎ የፈረደው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1948 ነው። በስቱዲዮ ያልያዘችውን ሥልጣን በቤቷ ደጃፍ ይዛ ተሟገተች ማለት ነው።

ቀሪው ታሪክ ያሳዝናል። በጥቅምት 1952 ስትሞት በሆሊውድ መካነ መቃብር ለመቀበር የነበራት ምኞት ጥቁር በመሆኗ ተከለከለ። መታሰቢያ ድንጋይ የቆመላት በ1999 ነው። ሽልማቷን ለዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተናዝዛ ነበር፤ እዚያም ጥቂት ዘመን ከታየ በኋላ ጠፋ። የት እንደ ደረሰ የሚናገር አልተገኘም። አካዳሚው ምትኩን ለዩኒቨርሲቲው ያስረከበው በ2023 ነው። ከእርሷ በኋላ ሁለተኛዋ ጥቁር ሴት ውፒ ጎልድበርግ በትወና ኦስካር እስክትሸለም 51 ዓመት አለፈ፤ ሃሊ ቤሪ በዋና ተዋናይትነት ተሸልማ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እስክትሆን ደግሞ 62 ዓመት።

እንግዲህ ወደ ክርክራችን እንመለስ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» በሚባልበት አገር ያደግን ስለ ሆነ የሰውን ዕድገት የምንለካው ባገኘው ነገር ነው። ዲግሪውን፣ ደመወዙን፣ ወንበሩን እንቈጥራለን። የሃቲ ማክዳንኤል ሽልማት ይህ ሚዛን ጐደሎ መሆኑን ያሳየናል። አንድ ሰው ከፍ ብሎ፣ የወጣበት መሰላል ከኋላው ለግማሽ ምዕት ዓመት ከተነሣ፣ ያ የአንድ ሰው ዕድል እንጂ የሕዝብ ዕድገት አይባልም። ለዚህም ተጠያቂው መሰላሉን ያነሣው ነው። እኛም ነገ ከዚህ ግቢ ተመርቀን ስንወጣ የምንጠየቀው የት ደረስን ተብሎ ብቻ ሳይሆን፣ በስንቱ ደጃፍ ላይ ተከራከርን ተብሎም ነው።

ስለ ሳቃችንም አንድ ነገር እንጨምር። ያን ዕለት የሳቅነው አሜሪካ ሩቅ ስለ ሆነች ብቻ አይመስለንም። በራሳችን ድራማ ገረዷ ወደ መድረክ የምትገባው ብዙ ጊዜ ለምን እንደ ሆነ እናውቃለን፤ አነጋገሯ ያስቀናል፣ መሳሳቷ ያስቀናል፣ ስሟን ግን ከአዳራሹ ስንወጣ አናስታውሰውም። ልብሳችንን አጥባ፣ ምሳችንን ሠርታ ለትምህርት ያበቃችን ልጅ በየቤታችን አለች። ከመካከላችን ስንቱ የአባቷን ስም ያውቃል?

ፊልሙ አይታይ አንልም፤ መከልከል መልስ አይሆንም። የፊልም ክበቡ ግን በሚቀጥለው ጊዜ መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ሩብ ሰዓት ወስዶ የተዋንያኑን ታሪክ እንዲያስረዳ፣ ከፊልሙም በኋላ መምህራንና ተማሪዎች የሚነጋገሩበትን ጊዜ እንዲያዘጋጅ እንጠይቃለን። የድራማ ጓዶቻችንንም በሚያዘጋጁት ተውኔት ለገረዷ ሰው የማትስቅበት አንድ ትዕይንት እንዲጽፉላት እንለምናለን። ይህን የሚቃወም ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ እኛም ለማንበብ ዝግጁ ነን።