በቤት ስለሚሞላ ጥይት

በዚህ ጽሑፍ ልናገር የተነሣሁት ስለ ጦርነት አይደለም፤ ስለ አንድ ትንሽ ሙያ ነው። ሙያውም አንድ ጊዜ የተተኮሰችውን ቀለህ ለቅሞ፣ በቤት ውስጥ እንደ ገና ባሩድ አጉርሶ፣ በአንዲቱ እርሳስ ፈንታ ብዙ ጥቃቅን እርሳስ ጨምሮ፣ ለሽጉጥ የሚሆን ጥይት ማሰናዳት ነው። ከነገሌ ቦረና ጀምሮ በያቤሎ እስከ ሞያሌ፣ በወዲያኛውም ወገን በፊልቱ እስከ ዶሎ ኦዶ ባሉት የቆላ ከተሞች፣ ጨዋ የምላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ይህን ሙያ ሲያሞግሱ ሰምቻለሁ። «ሰውየው እኮ ዐዋቂ ነው፤ ጥይት በእጁ ይሠራል» ይላሉ። እኔ ግን እንዲህ ያለው ዕውቀት ሊያሳፍር እንጂ ሊያስመሰግን አይገባውም እላለሁ፤ ምክንያቴንም አንድ በአንድ አቀርባለሁ።

የሙያው ወዳጆች የመጀመሪያ መልስ «ለእባብ ነው» የሚል ነው። በቆላ እባብ መኖሩን ማን ይክዳል? ነገር ግን ሽጉጥ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም። የሽጉጥ አፈሙዝ ውስጡ እንደ ጠመዝማዛ ቦይ የተቈረጠ ነው። ይህ ቦይ አንዲቱን ጥይት እያሾረ ቀጥ አድርጎ ይሰዳታል፤ ጥቃቅኑን እርሳስ ግን እያሾረ ይበትነዋል። ጥቂት እርምጃ ካለፈ በኋላ ፍንጣሪው መካከሉ የሳሳ ክብ እየሠራ ይሄዳል፤ እባቡ በመካከሉ ሊተርፍ ይችላል፤ ድንጋይ የመታው ፍንጣሪ ግን ወደ ተኳሹ ጕልበት ወይም አጠገቡ ወደ ቆመው ሕፃን ዐይን ሊመለስ ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ በእባብ ንድፊያ የሚሞተው ሰው ከ81 ሺሕ እስከ 138 ሺሕ ይደርሳል። ከዚህ ሞት የሚያድነው የእግር ጫማ፣ በሌሊት ሲሄዱ የያዙት መብራት፣ ከተነደፉም በኋላ የተነደፈውን እግር ሳያንቀሳቅሱ ቶሎ ወደ ሐኪም ቤት መድረስ ነው። የሽጉጥ ዋጋ ስንት ጫማና ስንት የእጅ ባትሪ እንደሚገዛ አንባቢው ራሱ ያስላው።

ሁለተኛው መልስ «ርካሽ ነው» የሚል ነው። እኔም፣ ርካሽ የሆነው ምኑ ነው? ብዬ እጠይቃለሁ። የጥይት ፋብሪካ ባሩዱን በጥንቃቄ ይመዝናል፤ ናሱን ይመረምራል፤ ከሠራውም እያነሣ ይፈትናል። በቤት የሚሞላው ሰው ግን በመብራት ጭላንጭል በዐይኑ ይገምታል። ባሩዱ ከበዛ ሽጉጡ በእጁ ውስጥ ይፈነዳል። ካነሰም እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ተወትፎ ይቀራል፤ የሚቀጥለው ጥይት ሲተኰስ መውጫ ያጣል። ቀለሁም ቢሆን በተተኰሰና በተሞላ ቍጥር ናሱ እየደረቀ ሄዶ ይሰነጠቃል። ያ የሚቈረጠው እጅ በቱላ ጕድጓድ ውስጥ ከወንድሞቹ ጋር ተሰልፎ የውኃ ባልዲ የሚቀባበልበት እጅ ነው። በጥቂት ብር ቍጠባ እንዲህ ያለውን እጅ የሚያስይዝ ነጋዴ ከየት ይገኛል?

ደግሞም እርሳስ በቤት ሲቀልጥ ጢሱና ትቢያው በምንጣፍ ላይ፣ በልብስ ላይ፣ በሕፃናት ጣት ላይ ይቀራል። እርሳስ የሕፃንን አእምሮ የሚጐዳ መርዝ ነው፤ ይህን ያህል ቢገባ አይጐዳም የሚባልለት መጠን እንደማይታወቅ ያው የጤና ድርጅት ይናገራል። እንግዲህ ያ አባት «ልጆቼን እጠብቅበታለሁ» በሚለው መሣሪያ፣ ገና አንዲት ጥይት ሳይተኵስ ልጆቹን መርዟል ማለት ነው። እሳት ካየው ምን ለየው!

ሦስተኛው መልስ የሚመጣው ከታሪክ ነው። «አባቶቻችን በጠላት ወረራ ዘመን ቀለህ እየሞሉ ተዋግተዋል፤ እኛ ብንሞላ ምን ነውር አለው?» ይላሉ። አባቶች ከተቸገሩ ያልሞከሩት ነገር የለም። ነገር ግን የእነርሱ ችግር ምን እንደ ነበረ እናስታውስ። በጥር ወር 1928 ዓ.ም. በገናሌ ዶርያ የራስ ደስታ ዳምጠው ሠራዊት በግራዚያኒ አውሮፕላንና መኪና ሲመታ፣ ነገሌም በዚያው ወር ስትያዝ፣ ያ ሠራዊት የተዋጋው አገር ሊወር ከመጣ ጠላት ጋር ነው። የዛሬው ቀለህ ሞይ ጠላቱ ማን ነው? በግጦሽ የተጣላው ጎረቤቱ ነው፤ በገበያ የተሰዳደበው ሰው ነው፤ አንዳንድ ጊዜም በሰርግ ቤት ከሰማይ በታች የቆመ እንግዳ ሁሉ ነው። የአባትን ስም ለእንዲህ ያለ ሥራ መጥራት አባትን ማክበር አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ጥይትን ማክበር የቈየ ልማዳችን ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ጥይት በገበያ ላይ እንደ አሞሌ ጨው የመገበያያ ገንዘብ ሆኖ ያገለግል ነበር። ውጅግራና ስናድር፣ አልቤንና ምንሽር የሰው ክብር መለኪያዎች ሆኑ። በሰሜኑ አገር በእጅ የተሠራውን ጠመንጃ «ቆመህ ጠብቀኝ» እያሉ ይቀልዱበታል፤ ቀልዱ ግን ከተኳሹ በቀር ማንንም ያስቀው አይመስለኝም። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ጦር ሲበተን በየመንደሩ የገባው ክላሽንኮቭ ይህን አሮጌ ፍቅር አደሰው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ማረሻና መጥረቢያ የሚሠራውን አንጥረኛ «ቀጥቃጭ፣ ቡዳ» እያልን ከማዕዳችን አራቅነው፤ በቦረናም ቱምቱ የሚባለው ብረት ሠሪ ወገን ከሌላው ጋር እንዳይጋባ ተደርጎ ኖረ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ የሚሠራውን ሰው በሥራው የሚሰድበውን በዐዋጅ ገሥጸው ነበር። እኛ ግን እንጀራ የሚያበላንን ብረት የሚሠራውን ንቀን፣ ሞት የሚያጐርሰውን እጅ «ባለሙያ» ብለን እናወድሳለን። ከዚህ የከፋ የሚዛን መዛባት አላውቅም። ናስ መሥራትና እርሳስ ማቅለጥ የቻለ ጣት፣ የተበላሸ የውኃ ፓምፕ መጠገንና የሚያፈስ ባልዲ መበየድ እንዴት ያቅተዋል?

ነገሌ ራሷ ለዚህ ምስክር ናት። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በዚያች ከተማ የሰፈረው የአራተኛ ብርጌድ ወታደር አምፆ አዛዦቹን አሰረ። ያ ሁሉ ወታደር ጠመንጃ አጥቶ ነበርን? ጥይትስ ጐድሎበት ነበርን? አይደለም። የጐደለው የሚጠጣ ውኃና የሚበላ ምግብ ነበር። የመንግሥት ለውጥ ያስከተለው ነውጥ ከጀመረባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ በመሣሪያ የተሞላ፣ ውኃ ግን የሌለው ሰፈር ነበር። ይህን ታሪክ በሚያውቅ አገር ላይ ተቀምጦ ባሩድ ከውኃ አስቀድሞ የሚያስብ ሰው ምን ይባላል?

ፍንጣሪ ጥይት ደግሞ አንድ ባሕርይ አለው፤ ሰው አይመርጥም። ወንበዴውን ፈልጎ የተተኰሰው አጠገቡ የቆመችውን ሴት ያገኛል። በቆላ ደግሞ አንድ ቍስል የአንድ ሰው ቍስል ሆኖ አይቀርም፤ የጎሣ ቍስል ይሆናል። በሐምሌ ወር 2004 ዓ.ም. በሞያሌ ቦረናና ገሪ ሲጋጩ በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ሰው ድንበር ተሻግሮ ወደ ኬንያ ሸሸ። በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት በብዙ መቶ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። እነዚህ እሳቶች ከሰማይ አልወረዱም፤ እያንዳንዳቸው በአንድ ሰው እጅ ውስጥ በነበረ ነገር ተለኰሱ።

ሕግም ዝም አላለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ መሥራትንና መነገድን ይከለክላል። ሕጉን የማይፈራ ሰው ቢኖር እንኳ የአገሩን ሽማግሌ ይስማ። የቦረና ሕዝብ በየስምንት ዓመቱ በጉሚ ጋዮ ተሰብስቦ ሕጉን ያድሳል፤ «ነጋ ቦረና» የሚለው የሰላም ቃል ሰውን፣ ከብትን፣ ውኃንና ሣርን በአንድነት የሚጠብቅ ቃል ነው። የገዳ ሥርዐት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ደስ ብሎን አጨበጨብን። በአደባባይ ለሰላም ሕግ እያጨበጨቡ በጓዳ ቀለህ መሙላት ግን ግብዝነት ነው።

አንዳንዱ «መንግሥት ሌባውን ካልያዘልኝ ራሴን አልጠብቅምን?» ይለኛል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ሌሊቱን በፍርሃት የሚያድር ሰው ሊናቅ አይገባውም። ነገር ግን መልሱ በጓዳ ውስጥ የለም። አንተ በፍርሃት አንድ ቀለህ ስትሞላ፣ ጎረቤትህ ደግሞ አንተን ፈርቶ ሁለት ይሞላል፤ እርሱን የፈራው ሦስተኛው አራት ይሞላል። በዚህ ሒሳብ ፍርሃት ሲበዛ እንጂ ሲቀንስ አላየሁም። ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ተስማምቶ በተራ መጠበቅ፣ የፖሊስ ኬላ እንዲቆም በአንድ ድምፅ መጠየቅ፣ የተጣላውን በሽማግሌ ማስታረቅ ያደክማል፤ የሚያድነው ግን ይህ ነው።

ስለዚህ፣ ወንድሜ ሆይ፣ በቤትህ ይህ ሙያ ካለ ዛሬውኑ ተወው። ባሩዱንና ቀለሁን በራስህ እጅ ልበትን ሳትል ለፖሊስ አስታውቀህ አስረክብ፤ ልጆችህ የሚተኙበትን ቤት ከእርሳስ ትቢያ አጽዳ። እጅህ ሥራ ለምዷልና ሥራ አታሳጣው፤ በመንደርህ የቆመውን የውኃ ፓምፕ ሄደህ እይ። አንተም፣ ይህን ሰው «ዐዋቂ» እያልህ ያወደስኸው ጎረቤቱ፣ ምስጋናህን ከእርሱ አንሣና ማረሻህን ለሚስልልህ ሰው ስጠው። ምስጋና ወደሚሄድበት የልጆቻችን እጅ ይከተላልና።