ከካዲላክ እስከ ማንኪራ፦ ስም ዋጋ የሚያወጣው መቼ ነው?

በካፋ ዞን ዴቻ ወረዳ የምትገኘው ማንኪራ የቡና መገኛ መሆኗ በአካባቢው ሲነገር ኖሯል። ይህን ስም በገበያ ዋጋ ወደሚያወጣ የንግድ ስም መለወጥ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ለዚህም የአሜሪካው የቅንጦት አውቶሞቢል የካዲላክ ታሪክ ጥሩ ማሳያ ይሆናል።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1902 ሲቋቋም ስሙን የወሰደው በ1701 ዲትሮይትን ከመሠረተው ፈረንሳዊ ነው። ሰውየው ከአውቶሞቢል ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም፤ ስሙ የውሰት ነው። ክብሩን ያመጣው መሐንዲሱ ሄንሪ ሊላንድ በልኬት ላይ የነበረው ጥብቅነት ነበር። በ1908 በእንግሊዝ ብሩክላንድስ ሦስት ካዲላኮች ተፈታተው ክፍሎቻቸው ተደባለቁ። መካኒኮቹ መልሰው ሲገጥሟቸው መሞረድ አላስፈለጋቸውም፤ መኪኖቹም 800 ኪሎ ሜትር ያህል ተነዱ። ፈተናውን የመራው አምራቹ ሳይሆን የብሪታንያ ሮያል አውቶሞቢል ክለብ መሆኑ ለውጤቱ ተአማኒነት ሰጥቶታል። ጄኔራል ሞተርስ ኩባንያውን የገዛው በዓመቱ ነው።

ኢትዮጵያም በ2005 የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋጨፌ ስሞችን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክታ ከስታርባክስ ጋር የተፈጠረው ውዝግብ በ2007 በስምምነት ተቋጭቷል። ካፋ ከሦስቱ መካከል አልነበረም። የካፋ ደን በ2010 በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መመዝገቡ ታላቅ ዕውቅና ቢሆንም፣ ምዝገባው ስለ ደኑ እንጂ በጆንያ ስለሚጫነው ቡና ጥራት አይመሰክርም። ለጥራቱ የሚመሰክረው ቀይ የበሰለውን ለይቶ መልቀም፣ በአልጋ ላይ ማድረቅ፣ ከሌላ አካባቢ ቡና ጋር አለመቀላቀልና ውጤቱን ገለልተኛ ቀማሽ እንዲያረጋግጠው ማድረግ ነው።